የአራት ደቂቃው ደብተር

አለቃዋ ዣንጥላውን በግራ እጁ ይዟል። መንገዱ ሰላም ነው ማለት ነው።

የምስጢር ስሟ «ድርጭት» ነው። መሳፈሪያው ላይ ቆማ ባቡር የምትጠብቅ መሰለች። ኮቷ ስስ ነው፣ ለዚህ ብርድ አይሆንም። ምነው አንድ ዳቦ እንኳ ቀምሳ በወጣች! ኮቷ ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሁለት ደብተሮች አሉ። አንዱ እውነተኛ፣ አንዱ ባዶ። እንዲህ ነው ያስተማሯት።

ሰባት ወር በባቡር መቆጣጠሪያ ክፍል መዝጋቢ ሆና ሠርታለች። በድብቅ የላካት ዋናው መሥሪያ ቤት ነው። በነጠላው ሐዲድ በቀን አሥራ ሁለት ባቡር ብቻ የሚያልፈው፣ ያውም የሚዘገየው፣ ለምንድን ነው?

አገኘችው። ሦስተኛው ጣቢያ ላይ ባቡሮች ሲተላለፉ ሐዲድ ቀያሪው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በእግሩ ይሄዳል። ዳሌውን ያመዋል። ሽማግሌው ተቆጣጣሪ፣ ሠራተኛው «አባባ ቆይ» የሚላቸው፣ ለእሱ ብለው እያንዳንዱን ባቡር አራት ደቂቃ ያስቆማሉ። መዝገቡ ላይ «መብራት ጠብቆ» ይባላል። እውነቱን የሚጽፉት በግል ደብተራቸው ነው፤ ቀኑን፣ ደቂቃውን፣ የሰውየውን ስም። ያቺ አራት ደቂቃ እስከ ማታ ስትደራረብ አንድ ሰዓት ልትሞላ ትደርሳለች።

ዛሬ ጠዋት ሻይ ሊያመጡላት ሲወጡ ደብተሩን ከመሳቢያቸው አወጣች።

«ጠጪ ልጄ፣ ከስተሻል» አሏት ተመልሰው። «ትንሿስ ትኩሳቱ ለቀቃት?»

«አለቀቃትም፣ አባባ።»

ልጅ የላትም። ቀደም ብላ ለመውጣት የፈጠረቻት ናት።

ባለዣንጥላው አለቃዋ «ልብስ ሰፊው» አጠገቧ ደረሰ።

«አመጣሽ?»

«አመጣሁ።»

«ቅጂ አለው?»

እጇ ቀጥ አለ። ዋናው መሥሪያ ቤት ቅጂ ቢኖር ምን ይጎዳዋል?

ከትከሻው በላይ አየች። ትኬት መሸጫው ጋ አንድ ወፍራም ሰውዬ ቆሟል። ባቡር ጭነት አይችልም፣ ለእኛ ይሰጠን እያለ ጋዜጣ ላይ የሚጮኸው የጭነት መኪና ባለንብረቶች ጸሐፊ! ልብስ ሰፊው በአገጩ ምልክት ሰጠው።

ሸጧታል። ደብተሩን ሊያቃጥሉት ነው፤ ከተቃጠለ መዘግየቱ መድኃኒት አያገኝም።

«ቅጂ የለውም» አለችና ባዶውን ሰጠችው።

«ጎበዝ። በይ ወደ ሥራሽ።»

አምስት እርምጃ እንደሄደች ጋዜጣው ሲቀደድ ሰማች።

ሮጠች።

የስድስት ሰዓት ከአሥሩ ባቡር መንቀሳቀስ ጀምሯል። ከኋላዋ የሁለት ሰው ኮቴ። አትደርስም።

ድምፅ ማጉያው ጮኸ። «ሾፌር፣ ቆይ! ቆይ!»

የሽማግሌው ድምፅ ነው። ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ መስኮት ስትሮጥ አይተዋታል። ባቡሩ ተንገጫግጮ ቆመ። ዘላ ገባች።

«ልጇ ታማባት ነው! ሂድ አሁን! አይዞሽ ልጄ፣ ትደርሺላታለሽ!»

በሩ ልብስ ሰፊው ፊት ላይ ተዘጋ።

መንገዱን ሙሉ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። የሰውየው ስም ያለበትን ገጽ ልትቀደው ያዘችው። ያለ እሱ ማስረጃው ባዶ ነው።

አልቀደደችውም። ደብተሩን እንዳለ ለዋናው መሥሪያ ቤት አስረከበች።

ልብስ ሰፊው በማግስቱ ተያዘ። የሦስተኛው ጣቢያ ሁለቱ የሐዲድ መቀየሪያዎች ከአንድ ጎጆ ውስጥ በሽቦ የሚጎተቱ ሆኑ፤ የሚሄድ እግር አላስፈለገም። አሥራ ሁለቱ ባቡር አሥራ ስምንት ሆነ። ሐዲድ ቀያሪውና ሽማግሌው ግን መዝገብ አዛብታችኋል ተብለው ተባረሩ።

«ምን አጠፉ? አንድ መጋዘን ጥበቃ እንኳ ብትቀጥሯቸው...» ብላ የዋናውን መሥሪያ ቤት ሰዎች ለመነች።

«ሥራሽን ጨርሰሻል» አሏት። «ስምሽን ቀይሪ።»

በአራተኛው ወር፣ በሌላ ስም፣ በመነጽር፣ በዚያው መስመር አለፈች። ሦስተኛው ጣቢያ ላይ ባቡሩ ለአንድ ደቂቃ ቆመ። አግዳሚው ላይ ሽማግሌው ተቀምጠዋል። ቀና ሲሉ አንገቷን ደፋች። አልጠቀማትም። ቀስ ብለው ወደ መስኮቷ መጡ።

«ልጅሽ ተሻላት?»

ውሸቱን ይወቁ አይወቁ ዓይናቸው አይናገርም።

«ተሻላት፣ አባባ።»

«ተመስገን። ሳስብ ነበር።» ሰዓታቸውን አዩ። «በይ፣ ብርድ ነው፤ መስኮቱን ዝጊ።»

አፏን ከፈተች። አራት ደቂቃ ብታገኝ ኖሮ ሁሉንም ትነግራቸው ነበር።

ባቡሩ በሰዓቱ ተነሣ።