የላላው ሰንሰለት

ያን ቅዳሜ የመምህሩ ሚስት እንደ ሌላው ቅዳሜ ማልዳ ተነሣች። ቁርስ አቀረበች፣ ሳህኖቹን አጠበች፣ ከዚያም ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ዎርክሾፕ ገብታ የባሏን የሞተር መጋዝ ሞርሳ ላይ አሰረች። ባሏ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ዓይኑ ስለደከመ የሰንሰለቱን ጥርሶች በሞረድ የምትስለው እሷ ነበረች። ስላ ስትጨርስ ሰንሰለቱን በጠፍጣፋው ብረት ዙሪያ ገጠመች፤ በጣቷ ስባ ለካችና አጠበቀችው። የማጥበቂያውን ቁልፍ በጨርቅ ጠርጋ ግድግዳው ላይ ሰቀለች። ባሏ መጥቶ መጋዙን በእጁ መዘን መዘን አደረገና «እጅሽ ይባረክ» አላት። እሷም ዘንቢሏን አንሥታ ወደ ገበያ ወጣች።

ስትመለስ በሩ ላይ ፖሊስ ቆሞ ነበር።

መርማሪዋ ደርሳ ሬሳውን አይታለች። መምህሩ ሲቆረጥ ከነበረ ግንድ አጠገብ በጀርባው ተጋድሟል፤ ቁስሉ አንገቱ ሥር ነው። መጋዙ በቀኝ እጁ በኩል ሰጋቱራው ላይ ተቀምጧል፤ ሰንሰለቱ ከብረቱ ሥር ወርዶ እንደ ሰፊ ቀበቶ ተንጠልጥሏል። መርማሪዋ ፀጉሯ የሸበተ፣ እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ የምትሄድ ሴት ናት። ምንም ሳትነካ ብዙ ታያለች።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አላት ሬሳውን መጀመሪያ ያገኘው የጥርስ ሐኪም። «የላላ ሰንሰለት ይወልቃል። ሲወልቅ ደግሞ እንደ ጅራፍ ነው።»

ቅዳሜ ቅዳሜ በዚህ ዎርክሾፕ የሚሰበሰቡት አራት ሰዎች ነበሩ፤ አሁን ሦስት ቀርተዋል። ሐኪሙ አንዱ ነው። ሁለተኛው ጎረቤት ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ አናጢ ናቸው። ሦስተኛው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዕድሜውን ዛፍ ሲጥል ስለኖረ ጫካ ይሉታል። መጋዞቻቸውን ጎን ለጎን አድርገው የማን ቶሎ ይቆርጣል፣ የማን ይቀላል፣ የማን ቤንዚን ይጠጣል እያሉ ሲከራከሩ ይውላሉ። በመጋዝ እንጀራውን የሚበላው ግን ጫካ ብቻ ነው፤ ለሌሎቹ ፍቅር ነው።

ሚስትየዋ ዱካ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ታያለች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች። «በደንብ አላጠበቅሁትም ማለት ነው።»

ጫካ ትከሻዋን አቀፋት። «ተዪ እትዬ፣ አውቀሽ ያደረግሽው ነገር አይደለም። ማንም አይፈርድብሽም።»

መርማሪዋ ማጽናኛውን ሰማችው። ጥፋቱን ከሴትዮዋ ላይ አላነሣውም፤ እንዲያውም አደላድሎ ጫነባት።

አለቃዋ ስልክ ደወለ። «አደጋ ከሆነ ዝጊው እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«መዝጋቱስ ቀላል ነበር» አለች። «ግን እኔ ስዘጋው ይቺ ሴት ጥፋቱን ተሸክማ ውስጥ ልትቀር ነው።»

ከዚያ ዎርክሾፑን ዞረች። ከግንዱ የተቆረጡት ሁለት ክቦች መሬት ላይ ወድቀዋል፤ ፊታቸው እንደ ተላገ ጠረጴዛ ልሙጥ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቁልፍ ስስ ሰጋቱራ ለብሷል። መደርደሪያው ላይ ካሉት መጋዞች አንዱ ደግሞ ከእጀታው ፊት መኖር የነበረበት፣ ሰንሰለቱን በድንገት የሚያቆመው የፍሬን ዘንግ የለውም።

«ይሄ የማን ነው?» ብላ ሚስትየዋን ጠየቀች።

«የወንድሙ ነው። ለጥገና አምጥቶት ነበር። ባሌ ግን አልመልስም አለው።»

«ለምን?»

«አልነገረኝም። ብቻ ሰሞኑን እንቅልፍ አጥቶ ነበር።»

አናጢውን ሱቃቸው ድረስ ሄዳ አነጋገረቻቸው።

«ከዚህ ሆኜ ሰምቻለሁ» አሉ እንጨት እየላጉ። «ሁለቴ ቆረጠ። ከዚያ ሞተሩ ሳይጠፋ ዝም ብሎ ሲያጉረመርም ቆየ። ኋላ አንዴ ጮኸና ጠፋ።»

«የመምህሩ መጋዝ መሆኑን በምን ያውቃሉ?»

«ድምፁን ነዋ። የዶክተሩ ገና ሲነሣ እንደ አጫሽ ያስላል። የጫካ ደግሞ ሰፈር ይቀሰቅሳል። የመምህሩ ጨዋ ነው፣ እንደ ባለቤቱ።» ይህን ብለው መላጊያቸውን አስቀመጡ። ለጥቂት ጊዜ አላነሡትም።

ሐኪሙ ሲጠየቅ ተቆጣ። «እኔን ትጠረጥሪኛለሽ? እኔ መጋዝ የምይዘው ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ሳይ ስለምውል ነው። ግንድ አፉን ዘግቶ ይቆረጣል።»

«ዶክተር፣ ከቆረጡ በኋላ መጋዝዎን ምን ያደርጉታል?»

«ምን አደርገዋለሁ፣ አስቀምጠዋለሁ።»

ጫካ ደግሞ የቀላ ዓይኑን እያሻሸ መለሰላት። «እኔ ስደርስ ዶክተሩ በር ላይ ሆኖ ይጮህ ነበር። ጋሼ ወንድሜ ብቻ አይደለም፣ አባቴም ነው። ያሳደገኝ እሱ ነው።»

«ሰንሰለቱን ስታየው ምን አሰብህ?»

«ገረመኝ» አለ። መርማሪዋ አመነችው። ግርምቱ የውሸት አልነበረም። ያሳሰባትም እሱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ዎርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሚስትየዋም መጣች። ጥቁር ለብሳለች፤ ማንንም አታይም።

«የእያንዳንዳችሁን አቆራረጥ ከዚያኛው ግንድ ጋር ማስተያየት እፈልጋለሁ» አለች መርማሪዋ። «መጋዞቻችሁን ይዛችሁ ከዚህ ግንድ ላይ ክብ ክብ አውጡልኝ። በቃ እስክላችሁ።»

ደስ ሳይላቸው ጀመሩ። ግን ሞተር ሲነሣ ሰው ሐዘኑን ለትንሽ ጊዜ ይረሳል።

«ዶክተር፣ ጥርሱን ይሳሉለት እንጂ፣ እያኘከ ነው» አሉ አናጢው።

«እርስዎ ይልቅ እንጨቱን አይለማመጡት፣ ይቁረጡት።»

ጫካ በሌላኛው መጋዙ ሁለቱ አንድ ሲያወጡ ሁለት ያወጣል። ሰንሰለቱ ሲግል ረዝሞ ላላበት፤ ቆም ብሎ አጠበቀና ቀጠለ። መርማሪዋ እጇን ስታነሣ ሦስቱም ሞተር አጠፉ።

«አስቀምጡትና ወደዚህ ቅረቡ» አለች። «ጫካ፣ ወንድምህ ያን ፍሬን የሌለውን መጋዝ ለምን አልመልስም አለህ?»

«ጋሼ መቼም ጥንቁቅ ነው» አለ ጫካ አንገቱን እያዘቀዘቀ። «ፍሬኑን ካልሠራሁት አይወጣም ብሎ ነው። ሌላ ነገር የለውም።»

እየተናገረ እጁ ኪሱ ገባ። ቁልፉን አወጣ፣ የመጋዙን ዳዶ ፈታ፣ ማጥበቂያውን መለስ አደረገ፣ ዳዶውን መልሶ አሰረ። ሰንሰለቱ ከብረቱ ሥር ወርዶ ተንጠለጠለ። ቀና ሲል ሁሉም ያዩታል።

«ምን ሆናችኋል?» አለ።

«አሁን ምን አደረግህ?» አለች መርማሪዋ።

እጁን አየ። 

«እኔ ልንገርህ» አለች። «ሰንሰለት ሲግል ይረዝማል፣ ሲቀዘቅዝ ያጥራል። በግለቱ አጥብቀኸው ከሄድክ ሲቀዘቅዝ የሞተሩን ዘንግ ይጎዳል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሚቆርጥ ሰው ሥራ ሲጨርስ ያላላዋል። ዶክተሩና አናጢው ሁለት ሦስት ክብ አውጥተው የሚያቆሙ ናቸው፤ ይሄን ልማድ አያውቁትም። መምህሩም እንደነሱ ነበር። እህቴ፣ ልክ ነኝ?»

«አላልቶ አያውቅም» አለች ሚስትየዋ።

«ትናንት ሰንሰለቱ መጀመሪያውኑ ላልቶ ቢሆን አንድ ክብ እንኳ ሳይወጣ ይወልቅ ነበር። የወጡት ግን ሁለት ናቸው፣ እንደ መስተዋት ልሙጥ። ሲቆርጥ የጠበቀ ነበር ማለት ነው። የላላው ከቆረጠ በኋላ ነው፤ በጣትም አይላላም፣ ዳዶው ቁልፍ ይፈልጋል። ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ እህቴ እንደነገረችኝ ጠርጋ ነበር የሰቀለችው። ግንዱ ሲቆረጥ የተነሣው ሰጋቱራ ሸፍኖት አገኘሁት፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። ስለዚህ ያላላው ሰው የራሱን ቁልፍ ኪሱ ይዞ ይዞራል።»

አናጢው ወደ ጫካ ኪስ አዩና ዓይናቸውን መለሱ። «ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም» አሉ ቀስ ብለው።

«አባቴ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ ሲያጉረመርም ሰማሁ ያሉበት ጊዜም የጭቅጭቅ ጊዜ ነበር» አለች መርማሪዋ። «ፍሬን የሌለው መጋዝ የጎዳው ሰው አለ ወይ ብዬ ትናንት ከሰዓት ሆስፒታል ሄጄ አንድ እጁን ያጣ የጫካን የቀን ሠራተኛ አነጋገርኩ። ፍሬኑን የፈታው አለቃዬ ነው፣ ሥራ ያዘገያል ብሎ፣ አለኝ። መምህሩም ከእኔ በፊት ሄዶ ይህንኑ ጠይቆታል።» እጇን በመሐረብ ጠቅልላ ዘረጋች። «ቁልፉን ስጠኝ።»

ሰጣት። በቁልፉ ጉድጓድ ውስጥ፣ ጨርቅ የማይደርስበት ቦታ፣ ከዘይቱ የተለየ፣ ደም የሚመስል ነገር ደርቆ ነበር።

ጫካ ግንዱ ላይ ተቀመጠ።

«የጋሼን መጋዝ ልሞክርልህ ብዬ እኔ ነበርኩ የቆረጥኩት» አለ። «ሰኞ ራሴ ይዤህ ሄጄ አስረክብሃለሁ አለኝ። ልጁን እጁን አሳጥተኸዋል፣ ወንድሜ ብትሆንም አልደብቅህም አለኝ። ለመንኩት። ሞተሩ በእጄ ላይ እየሠራ ለመንኩት። ጀርባውን ሰጠኝ። ስጠራው ዞረ።»

«ያላላኸውስ አስበህበት ነው?»

«ማላላቴን አላስታውስም። ላልቶ ስናገኘው ገረመኝ አልኩሽ። ከዚያ ሁላችሁም የላላው ሰንሰለት ገደለው አላችሁ፤ ዝም አልኩ።»

ሚስትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«ትናንት አቅፈህ ስታጽናናኝ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ እትዬ።»

አልጮኸችም። ወደ መርማሪዋ ዞረች።

«አጥብቄው ነበር ማለት ነው?»

«አጥብቀሽው ነበር።»

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች፤ ትንሽ ቆይታ ደግማ ነቀነቀች። ሐኪሙ ውሃ ላምጣልሽ አላት፤ ተወው አለችው። ጫካን ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ አልተከተለችውም፤ የሚገርመው ግን የጫካን ኮት ከሚስማሩ ላይ አውርዳ እንዲያለብሰው ለፖሊሱ ሰጠችው፤ ብርድ ነበር።

መምህሩ በማግስቱ ተቀበረ። ሳጥኑን ሐኪሙ፣ አናጢውና ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቹ ተሸከሙት። ከሟች ወገን የሚሸከም አንድ ወንድም ብቻ ነበረው፤ እሱም አልነበረም።