የተኛ ውሃ

ማስተዋል እንደ ልማዷ መጀመሪያ የካሜራዋን ባለሦስት እግር መቆሚያ ረግረጉ ውስጥ አጥብቃ ተከለች። ገና ማለዳ ነው። ከተራራው አናት ሥር ያለው ትንሽ ባሕር ነፋስ ሳይነካው ተኝቶ፣ ከበላዩ የቆመውን ባለ ድንጋይ ጫፍ አንዲት ስንጥቅ ሳያጎድል ዘቅዝቆ ይዞታል፤ አየሩ የራሰ የጓሳ ሣርና የበቅሎ ላብ ይሸታል።

«ኧረ ጠጠር ጣይበት!» አሉ መንገድ መሪዋ ጋሽ ደምለው፣ በቅሏቸውን እንደያዙ ከዳገቱ ላይ። «እኛ አገር የተኛ ውሃ እንዲሁ አይታይም። መጀመሪያ ይቀሰቀሳል።»

«ካናወጥኩት ታዲያ ምን ላነሳ መጣሁ?»

«እሱን የተማርሽው አንቺ እወቂው። እኔ እንደሆነ አልወርድም።»

የመጣችው ለዚሁ ለተኛው ውሃ ነበር። ባለፈው ዓመት እዚህ ያነሳችው ፎቶ ከፎቶ ውድድር ተሰርዟል። ውሃው ውስጥ በሚታየው ጫፍ ላይ አንድ ሰው ቆሞ ሳለ፣ በእውነተኛው ጫፍ ላይ ማንም አልነበረም። ዳኞቹ «በኮምፒውተር የለጠፈችው ነው» ብለው በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት አዋረዷት፤ ከዚያ ወዲህ ሥራ የሚሰጣት ጠፋ። ዛሬ ደግማ አንስታ፣ ፎቶውን ከነካሜራው ፊታቸው ልታስቀምጥ ነው።

አነሳችና አጉልታ አየችው። ሰውየው አለ፤ ውሃው ውስጥ፣ ተዘቅዝቆ፣ ጫፉ ላይ። ቀና ብላ ተራራውን አየች፤ ባዶ ድንጋይ። ደነገጠች፤ ከድንጋጤዋ ግን ደስታዋ በለጠ።

ሁለተኛውን አነሳች። ሰውየው ከጫፉ ወርዶ የተራራው ወገብ ላይ ደርሷል። ሲጮሁ የነበሩት ቁራዎች መቼ ዝም እንዳሉ አላስተዋለችም፤ አሁን የሚሰማው የጋሽ ደምለው በቅሎ ማንኮራፋት ብቻ ነው፣ ከውሃውም ለዘመናት ተከድኖ የኖረ ጉድጓድ ሲከፈት የሚወጣ ዓይነት ቀዝቃዛ የጭቃ ሽታ መጣ። በሦስተኛው ፎቶ ሰውየው ከፊቷ ወደ ባሕሩ ከገባው ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር ቆሞ ነበር።

«ልጄ፣ በማርያም ይቅርብሽ! ነይ ውጪ!»

«ውሸታም እንደተባልኩ አልወጣም!»

ይህንንም ለጠፈችው እንደሚሉ ታውቃለች። ከጎኑ ሕያው ሰው ቢቆም ግን ምን ሊሉ ነው? ካሜራው በራሱ እንዲያነሳ አዘጋጅታ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ወጣችና አገጯን ቀና አድርጋ ቆመች። ብርዱ ከጫማዋ ሥር ተነስቶ ቀስ እያለ እስከ ጉልበቷ ሲወጣ ተሰማት። አልተነቃነቀችም። ካሜራው ቀጭ አለ።

ተመልሳ ፎቶውን ከፈተች። ድንጋዩ ላይ፣ እሷ በቆመችበት ቦታ፣ ሰውየው ቀጥ ብሎ ቆሟል። እሷ ከሥሩ፣ ውሃው ውስጥ ነበረች።

«ይኸው!» ብላ ጮኸች፤ ካሜራውን ከፍ አድርጋ ያዘችው። «ጋሽ ደምለው፣ ይምጡና ይመስክሩልኝ! አልዋሸሁም!»

ወደ ዳገቱ ቀና ስትል፣ ከውሃው ወለል ማዶ ጋሽ ደምለው ከነበቅሏቸው እግራቸው ወደ ላይ፣ ራሳቸው ወደ ታች ተዘቅዝቀው፣ «ነይ ልጄ፣ ብርድ መታሽ» እያሉ ጀርባውን ለሰጣት ለዚያ የፎቶው ሰው ጋቢያቸውን ያለብሱ ነበር።