ሴሚሲ የማይሰማበት ጋራዥ

ሐሙስ ከትምህርት በኋላ፣ መኪና ገብቶበት በማያውቀው የእነ ዴክላን ጋራዥ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ድራም የሚመታው ዴክላን፣ ዘፋኟ ዝላታና ጊታር የምትጫወተው ብሮንቲ። አራተኛው፣ የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ሴሚሲ፣ ገና አልደረሰም። የሚወራውም ስለ እሱ ነበር።

«ዛሬ ይነገረው፤ አለቀ» አለ ዴክላን የድራም ዱላዎቹን ጉልበቱ ላይ እየመታ። «ከነገ ወዲያ እኮ ክለቡ ውስጥ ሕዝብ ፊት ነው የምንቆመው። ቤዝ የሌለው ባንድ ይዤ አልወጣም።»

«ቤዝማ አለን» አለች ብሮንቲ።

«የታለ? አንቺ ሰምተሽው ታውቂያለሽ? ዝላታ፣ አንቺስ?»

ዝላታ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ ከንፈሯን መጠጠች። «ልጁ ጥሩ ልጅ ነው» አለች። «ግን አይሰማም።»

«የአክስቴን ልጅ ፊንን አናግሬዋለሁ። ዘፈኖቹን ሁሉ ያውቃቸዋል። አምፑ ደግሞ ፍሪጅ ነው የሚያክለው።» ዴክላን ወደ ብሮንቲ ዞረ። «አንቺ ንገሪው። ጀለስሽ ነው፤ ከአንቺ ሲሰማው ብዙም አይከፋውም።»

ብሮንቲ ለመከራከር አቅም አልነበራትም። ጠዋት የሒሳብ ፈተና ተፈትናለች፤ ከዚያም ጊታሯን ተሸክማ ከፖርት ኬምብላ ባቡር ጣቢያ ዳገቱን በእግሯ ወጥታለች። የየካቲት ፀሐይ የጋራዡን ቆርቆሮ እያጋለው ነበር። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ እንኳ ትኩስ ነው።

«እሺ» አለች። «ከልምምዱ በኋላ።»

ወዲያው በሩ ላይ የጋሪ ጎማ ሲጢጥ ሲል ተሰማ። ሴሚሲ ቤዝ ጊታሩን አዝሎ፣ የሱፐርማርኬት ጋሪ ላይ አምፑን፣ የድምፅ ማጉያውን፣ ጭኖ እየገፋ ገባ። አምፑ የራሱ አይደለም፤ የወገኖቹ የቶንጋ ደሴት ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው። ለመዝሙር ስለሚፈለግ ልምምድ ባለ ቁጥር ገፍቶ ያመጣዋል፤ ሲያበቃም ገፍቶ ይመልሰዋል።

«ይቅርታ ቤተሰብ» አለ ላቡን በክንዱ እየጠረገ። «አጎቴ አንድ ግቢ ሣር ብቻ አጭደህ ትሄዳለህ አለኝ። ግቢ ያለው ለካ የእግር ኳስ ሜዳ ነው።»

ዝላታ ሳቀች። ዴክላን አልሳቀም። «ሰካውና እንጀምር» አለ።

ብሮንቲ አምፗን አበራች። ብዙ ነገሯ ከሌላ ሰው የተረፈ ነው፤ ጊታሯ የአጎቷ ልጅ፣ አምፑ የጎረቤት ነበሩ። ድምፁ ግን የራሷ ነው። አባቷ ብረት ፋብሪካው ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ስለሚሠራ ቀን ቀን ይተኛል፤ ክፍሎቻቸውን የሚለየው ግድግዳ ደግሞ ስስ ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሯን ዘግታ፣ አምፑን ከሹክሹክታ ብዙም በማይበልጥ ከፍታ አብርታ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ማዞሪያዎቹን በጥቂት በጥቂቱ ስታዞር ወራት አሳልፋለች። እንደዚያ ዝቅ ሲል ድምፁ ይሳሳል፤ ደረት የሚመታው ነገር ይጠፋል። እሷም ወፍራሙን ድምፅ ጨመረች፤ አልበቃ ሲላት አሁንም ጨመረች። መካከለኛው ድምፅ በአፍንጫ የሚያወራ ሰው ስለሚመስላት እስከ ታች አወረደችው። ጌይን የሚሉትን፣ ድምፁን የሚያሻክረውን ማዞሪያ ደግሞ እስከሚሄድበት ድረስ ገፋችው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ታዲያ ክሮቹን በአንድነት፣ አንድ ኮርድ፣ መታችና ክፍሉ ውስጥ የሆነ ትልቅ አውሬ የተነፈሰ መሰላት። ቀርጻ ኢንተርኔት ላይ ስትለቀው የማታውቃቸው ልጆች ሳይቀሩ ኮሪደር ላይ አስቁመው «እንዴት አድርገሽ ነው ያወጣሽው?» አሏት። ከዚያ በፊት ኮሪደር ላይ አስቁሟት የሚያውቅ ተማሪ አልነበረም።

ጋራዡ ውስጥ ሌሎቹን ማዞሪያዎች አትነካም። ከፍታውን ብቻ ትጨምራለች።

ዴክላን ቆጠረና ገቡ። የጋራዡ በር ተንቀጠቀጠ፤ መደርደሪያው ላይ ያሉት የቀለም ጣሳዎች ተንጫጩ። ሴሚሲ ጎንበስ ብሎ ክሮቹን ይስባል፤ ጣቶቹ ሲሮጡ ይታያሉ እንጂ የሚሰማ ነገር የለም።

ዴክላን መሀል ላይ አቆመና የጆሮ መከላከያውን ወደ አንገቱ አወረደ። «ሴሚ፣ ተኝተሃል እንዴ?»

«እየተጫወትኩ ነው።»

«ጨምረዋ በናትህ!»

«ከዚህ በላይ አይሄድም። ባቃጥለው ፓስተሩ እኔን ነው የሚያቃጥለኝ።»

«እንግዲያው ጠበቅ አድርገህ ምታ! ሕፃን እያባበልክ እኮ አይደለም።»

ሴሚሲ ጥርሱን ነክሶ መታ። ለውጥ አልነበረም። ሁለተኛውን ዘፈን እንደጀመሩ የብሮንቲ ጊታር አንዱ ክር ተበጠሰ።

«ይኸው ደግሞ!» አለ ዴክላን። «ቀይሪ። እኛ አናቆምም፤ ያለ አንቺ እንጫወተዋለን።»

ብሮንቲ በሩ አጠገብ ያለው የመጠጥ ማቀዝቀዣ ሳጥን ላይ ተቀመጠች። አዲሱን ክር ቀዳዳው ውስጥ አስገብታ መጠምዘዝ ስትጀምር እጇ ቆመ።

ሴሚሲ ይሰማል።

ያውም ጥርት ብሎ። የድራሙን ምት ጠብቆ ከሥሩ ይራመዳል፤ ዝላታ ትንፋሽ ስትወስድ ክፍተቱን ይሞላዋል። ሁለተኛው አንጓ ላይ ከታች ወደ ላይ የምትወጣ ትንሽ መሰላል የመሰለች ነገር ጨምሯል። ብሮንቲ ይህችን ነገር ሰምታት አታውቅም። ሴሚሲ ግን አሁን የፈጠራት አይመስልም፤ ጣቶቹ ሳያስብ ነው የሚሄዱባት። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲጫወታት ኖሯል።

«አየህ?» አለው ዴክላን ዘፈኑ ሲያልቅ። «ስትፈልግ ትችላለህ ማለት ነው። አሁን ትንሽ ሰማሁህ።»

«እንደ ቅድሙ ነው እኮ የመታሁት።»

«አቦ ተወኝ!»

ብሮንቲ ክሩን ቃኝታ ጊታሯን ሰካች። ደግመው ጀመሩ። የመጀመሪያውን ኮርድ ስትመታ ሴሚሲ ከቤት እንደወጣ ሰው ጠፋ። መሀል ላይ የተሳሳተች መስላ እጇን ከክሮቹ አነሳች፤ ተመለሰ። መታች፤ ጠፋ። እንደገና አነሳች። ከዚያ በኋላ መሞከር አላስፈለጋትም። ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ስትጫወት የጨመረችው ወፍራም ድምፅ፣ እዚህ ሲጮህ፣ ሴሚሲ የሚቆምበትን ቦታ በሙሉ ይዞታል።

ባታውቀው በወደደች። እግሮቿ ዝለዋል፤ የሚያስፈልጋት አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ አልነበረም።

«ዕረፍት» አለ ዴክላንና ለብሮንቲ በአገጩ ወደ ሴሚሲ አመለከታት።

ሴሚሲን ጓሮ ካለው ቧንቧ ሥር ጣቶቹን ዘርግቶ ውኃ እያፈሰሰባቸው አገኘችው። የሁለቱ ጣቶቹ ጫፍ ውኃ ቋጥሮ አንዱ ፈንድቷል።

«ብሮንት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳታሾፊብኝ።»

«እሺ።»

«አጠገቤ የምትቆሚው አንቺ ነሽ። እውነቱን ንገሪኝ፤ ትሰሚኛለሽ?»

ብሮንቲ የሚፈሰውን ውኃ አየች። «አንዳንዴ» አለች።

«አንዳንዴ» አለ ሴሚሲም፣ ቃሉን እንደሚቀምስ ሰው። «ቤት ስጫወት ድምፄ ይሰማል። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የኛ ሰው ሲዘምር ታውቂው የለ፣ ጣሪያ ነው የሚያነሳው፤ እዚያም ይሰማል። እዚህ ስመጣ ግን የለሁም። ጣቶቼ ሳይሆኑ አይቀሩም። ለእንዲህ ዓይነት ሙዚቃ አልተሠሩም።» ቧንቧውን ዘጋ። «እውነት ለመናገር ደክሞኛል። የቅዳሜውን እንጨርስና እተወዋለሁ መሰለኝ።»

እንግዲህ መንገር እንኳ አያስፈልጋትም። ልጁ በራሱ ሊሄድ ነው። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚፈለግባት፤ ዝም ማለት ደግሞ ጉልበት አይጠይቅም። ፊን ፍሪጅ የሚያክል አምፑን ይዞ ይመጣል፤ የእሷም አውሬ እንዳለ ይቆያል።

«ሂድ፣ መጣሁ» አለችው።

ለብቻዋ ጥቂት ቆመች። ከቧንቧው ጠጣች፤ ውኃው ሞቅ ብሏል። ከዚያ ገባችና ማንንም ሳታይ አምፗ ፊት ተንበረከከች።

ዴክላን መጥቶ ጎንበስ አለ። «ነገርሽው?» አለ በሹክሹክታ።

«ገና።»

ወፍራሙን ከግማሽ በታች አወረደችው። እስከ ታች ወርዶ የነበረውን መካከለኛ ከግማሽ በላይ አወጣችው። ጌይኑን፣ የኮርዱ ክሮች አንድ በአንድ ተለይተው እስኪሰሙ ድረስ መለሰችው። ከዚያ ተነሥታ አንድ ጊዜ መታች። የወጣው ድምፅ ደረቅና ከሲታ ነበር።

«ውይ!» አለች ዝላታ። «አምፕሽ ታመመ እንዴ? ጉንፋን የያዘው ይመስላል።»

«አንድ ጊዜ እንጫወት» አለች ብሮንቲ።

ዴክላን ትከሻውን ሰብቆ ቆጠረ። ጣሳዎቹ አልተንጫጩም። ብሮንቲ መጀመሪያ የሰማችው የራሷን ስሕተት ነው፤ ሦስተኛው ኮርድ ላይ ትንሿ ጣቷ ሁልጊዜ ትዘገያለች፣ ሻካራው ድምፅ እስካሁን ደብቆላት ነበር። ቀጥሎ ሴሚሲን ሰማች። ከእግሯ ሥር ወለል እንደ ማንጠፍ ነው። ከሲታው ጊታር ላዩ ላይ ቆመና ከሲታ መሆኑ ቀረ። አውሬው ግን አልነበረም። የትም አልነበረም።

ሴሚሲ አንገቱን ቀና አደረገ። እጁን አላላ።

ዴክላን ዘፈኑ ሳያልቅ አቆመ። «ሴሚ! ምን አደረግክ?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም! ይኸው ነው እኮ ስልህ የከረምኩት! ጠበቅ አድርገህ ስትመታ...»

ሴሚሲ የተላጡ ጣቶቹን ገልብጦ አያቸው። ሊያምን ምንም አልቀረውም። ዝላታ አጨበጨበች። እዚህ ላይ ቢቆም ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባ ነበር።

«ምንም አላደረገም» አለች ብሮንቲ። «እኔ ነኝ ያወረድኩት። ሲውጠው የነበረው የኔ አምፕ ነው።»

ዴክላን የጆሮ መከላከያውን አወረደ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ ዴክላን።

«ከመጀመሪያው።»

«ታውቂ ነበር?»

«ክሩ ሲበጠስ ነው ያወቅኩት።» ወደ ሴሚሲ ዞረች። «ውጭ ስትጠይቀኝ አውቄ ነበር።»

ሴሚሲ አያት። ከዚያ ዓይኑን መልሶ ቤዝ ጊታሩን በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ፤ የሚጠረግ ነገር ግን አልነበረበትም።

«እሺ» አለ በመጨረሻ።

«ልጆች፣ እኔ ግን ልናገር» አለች ዝላታ። «የጊታሩ ድምፅ የቅድሙ ይሻላል። ቪዲዮውን አይቶ የሚመጣ ሰው እኮ ያንን ብሎ ነው የሚመጣው።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለ ዴክላን ፀጉሩን እያሻሸ። «ደግሞስ ፊንን ምን ልበለው?»

የሴሚሲ እጅ ቆመ። «ፊን ማነው?»

ዝላታ ወደ ስልኳ ተመለሰች። ዴክላን ብሮንቲን አያት፤ አንድ ነገር እንድትል የሚለምን ይመስላል።

«አንተ ንገረው» አለችው ብሮንቲ። «እኔ አልነግርልህም።»

ዴክላን ፊቱ ቀላ። ዱላዎቹን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወራቸው። «የአክስቴ ልጅ ነው» አለ። «ቤዝ ይጫወታል። ቅዳሜ... በአንተ ቦታ እንዲጫወት ጠይቄው ነበር። እንዳትቀየመኝ ሴሚ... ማለቴ ድምፅህ አይሰማም ነበር።»

«ገባኝ» አለ ሴሚሲ።

«እደውልለትና እንዳይመጣ እነግረዋለሁ።»

«ይምጣ» አለ ሴሚሲ። «ሰው ያስፈልገን የለ ከፊት ሆኖ የሚያጨበጭብ።»

ብሮንቲ አምፑን አየችው። ወፍራሙን ድምፅ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ከፍ ብታደርገው ማን ያውቃል? እጇ እስከ ማዞሪያው ደረሰ። ከዚያ መልሳ ጊታሯ ላይ አሳረፈችው።

«ሦስተኛው ኮርድ ላይ እየዘገየሁ ነው» አለች። «ከመጀመሪያው እንሂድ።»

ዴክላን የጆሮ መከላከያውን አደረገና ቆጠረ።

ቅዳሜ ማታ አራቱም ክለቡ ውስጥ ተጫወቱ። ፊን መጥቶ የተጠበሰ ድንች እየበላ ከኋላ አዳመጠ። ስለ ጊታሩ ድምፅ ለብሮንቲ ማንም ምንም አላላትም።