ነጭ ከወጣ

ፑንጎዲ ያን ቀን ጠዋት ቁርስ አልወረደላትም። በሕንድ፣ በማዱራይ ከተማ ቤተ መቅደስ፣ በእንስት አምላካቸው በእናት ሚናክሺ ምስል ፊት፣ ሁለት አበቦች በቅጠል ተጠቅልለው ሊቀመጡ ነው። ነጩ ጃስሚን ከወጣ ኢላንጎን ታገባለች፤ ቀዩ ከወጣ ግን አክስቷ ሶርናም የመረጠችላትን የባንክ ሠራተኛ። ፑንጎዲም እሺ ብላ ምላለች። ጥቅሉን የምታነሣው ደግሞ ኢላንጎን ዐይኑን ማየት የማትፈልገው አክስቷ ራሷ ናት።

ኢላንጎ በቤተ መቅደሱ ምሥራቅ በር ጃስሚን እየጎነጎነ ይሸጣል። የዛሬ ሁለት ዓመት የፑንጎዲ የፀጉር አበባ በግርግር ተበጥሶ ሲወድቅ፣ ሌላ ጎንጉኖ ሰጣት። ከዚያ ወዲህ አበባ ያልገዛችበት ቀን የለም።

ቀዩን ሶርናም ከግቢዋ ቀጥፋ አመጣች። ነጩን ለመግዛት፣ ሆን ብላ ነው መሰል፣ ኢላንጎ ዘንድ ቆመች። እሱም አበባው ላይ ውሃ ረጨበት።

«ውሃውን ነው የምትሸጥልኝ ወይስ አበባውን?»

«ጃስሚን ካልጠጣች ትጠወልጋለች፣ እትዬ።»

«ምላስስ አለህ። በምላስ ግን ጎጆ አይወጣም።»

አብራት የቆመችው ፑንጎዲ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ኢላንጎን ቀና ብላ አየችው፤ እሱም አያት። 

ካህኑ አበቦቹን ለየብቻ በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎ፣ ቦታቸውን አቀያይሮ አስቀመጣቸው። አይለዩም። ሶርናም አንዱን አነሣች፤ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችና መለሰችው። ሌላውንም እንዲሁ። ፑንጎዲ እናቷ ከሞተችበት ቀን ጀምሮ ያሳደገቻት ሴት እንዲህ ታሠቃየኛለች ብላ አስባ አታውቅም።

በመጨረሻ ሶርናም የመጀመሪያውን አንሥታ ለካህኑ ሰጠችው። ፈታው።

ነጭ ነበር።

ፑንጎዲ እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሶርናም ግን «እንግዲህ እናት ሚናክሺ ካለች እኔ ማን ነኝ» ብላ ወደ በሩ መራመድ ጀመረች።

ፑንጎዲ ሮጣ ደረሰችባትና እጇን ያዘች። የአክስቷ አውራ ጣት ረጥቧል። ያን ቀን ውሃ የነካው አበባ ደግሞ አንዱ ብቻ ነበር።

«አክስቴ፣ ጣትሽ...»

«ዝም በይ» አለች ሶርናም፣ ጣቷን በልብሷ ጫፍ እየጠረገች። «እናት ሚናክሺ ትሰማለች። ይልቅ ሂጂና ለዚያ ልጅ ንገሪው፤ ጭንቀት ሳይገድለው።»

ከበሩ ማዶ ኢላንጎ አቀርቅሮ፣ አንዱ አበባ ላይ ደግሞ ደጋግሞ ውሃ ይረጭ ነበር።