ራምዚ ወዶ አልሄደም

«እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ራምዚ መናኸሪያ አካባቢ ምን ሊሠራ ሄደ?» አለች እህቱ ሒክማ፣ ዳቦ ቆሎውን በላስቲክ እየሞላች።

ማዕዶት የያዘችውን ላስቲክ አፉን ቋጠረች። ዘጠነኛ ክፍሎች ከትምህርት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ቀርተው ለግንባር የሚላከውን ስንቅ እያሸጉ ነበር። በድምፅ ማጉያው ቀረርቶ ይለቀቃል። ጦርነቱ የጀመረ ሰሞን ልጆቹ አብረው ይጮኹ፣ ያጨበጭቡ ነበር። አሁን ሁሉም አቀርቅሮ ያሽጋል።

«እኔ ምን አውቄ?» አለች ማዕዶት።

«ቀበሌ ሄደን ስንጠይቅ ‹በገዛ ፈቃዱ ነው የተመዘገበው፣ ልትኮሩበት ይገባል› አሉን። አባዬ ደግሞ አመናቸው፣ ትሰሚኛለሽ? ‹ሳይሰናበተኝ ከሄደ ምን ብዬ ልከተለው› ብሎ ሱቁን ዘግቶ ተቀምጧል። ነገ ጠዋት ወደ ማሰልጠኛ ሊጭኗቸው ነው እኮ! ገና አስራ ሰባቱ ነው።» ሒክማ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። «በቃ ደብሮኛል፣ ማዕዲ። በጣም ደብሮኛል።»

ማዕዶት ግን ታውቅ ነበር።

ወንድሟ አምሀ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በቡታጅራ ወጣቶችን ከመንገድ ላይ ማፈስ ከተጀመረ ወዲህ ደጅ ወጥቶ አያውቅም። እናታቸው ዓለምዘውድ ለጠየቃት ሁሉ «ሐዋሳ አጎቱ ጋ ነው» ትላለች። ጠዋት ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትሄድም ቤቱ ሰው የሌለበት እንዲመስል ከውጭ ትቆልፍበታለች። ከቤተሰቡ ሌላ ይህን የሚያውቀው አብሮ አደጉ ራምዚ ብቻ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ የአምሀ የስልክ ቻርጀር ተበላሸና ራምዚ ሊገዛለት መናኸሪያ ወረደ። «ቀጭኑን ነው ወፍራሙን?» ብሎ ደውሎ እየጠየቀ ሳለ ያዙት። አምሀ ስልኩን ላውድ ላይ አድርጎት ስለነበር ማዕዶትም ሰማች። «ተማሪ ነኝ! መታወቂያዬን እዩልኝ!» የሚል የራምዚ ጩኸት፣ ከዚያ የመኪና በር ሲዘጋ፣ ከዚያ ዝም።

እናቷ የዚያን ዕለት ክንዷን ጨምድዳ ይዛ «ምንም አልሰማሽም። ገባሽ? ምንም» ብላታለች።

ማዕዶት ስንቁን አሽጋ ወደ ቤት ስትመለስ መንገዱ ጭር ብሎ ነበር። የወትሮዎቹ የባጃጅ ሹፌሮች ጠፍተው መሪውን የያዙት ሽማግሌዎችና ሴቶች ናቸው። ግራ ቀኙን አይታ በያዘችው ቁልፍ በሩን ከፈተች። አምሀ ከመስኮቱ ዝቅ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ፂሙ አድጓል፣ ፊቱ ፀሐይ አጥቶ ገርጥቷል።

ሒክማ ያለችውን ሁሉ ነገረችው።

«ወዶ ሄደ አሏቸው?» አምሀ ብድግ አለ። «በጆሮዬ ሰምቼ! እሄዳለሁ። ሄጄ እናገራለሁ።» ጫማውን ከአልጋው ሥር ጎትቶ አጠለቀ። እስከ በሩ ሄደ። እጀታውን ያዘ። ከውጭ ሞተር ብስክሌት ሲያልፍ ግን ደንግጦ ወደ ኋላ ተመለሰና ግድግዳውን ተደገፈ።

«አልቻልኩም» አለ ቀስ ብሎ። «አንቺም እንዳትናገሪ፣ ማዕዲ። እኔን ይወስዱኛል እንጂ እሱን አይለቁትም። በእማዬ ሞት።»

ማዕዶት ወጥታ በሩን መልሳ ቆለፈችበት። ወደ ሒክማ ቤት ስትሄድ መንገድ ላይ ውሸቱን አዘጋጀች። ቻርጀሩ ለእኔ ነበር፣ የላክሁት እኔ ነኝ ትላለች። በቃ፣ የአምሀን ስም ማንሳት አያስፈልግም።

የሒክማ አባት ጋሽ ሀቢቡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሳሎን ውስጥ መስገጃቸው ላይ እንደተቀመጡ አገኘቻቸው። ሒክማ በር ላይ ቆማ አየቻት።

«ጋሼ፣ ራምዚ ወዶ አልሄደም» አለች ማዕዶት ቁጭ ሳትል። «ቻርጀር ሊገዛ ሄዶ ነው የያዙት። ተማሪ ነኝ እያለ ሲጮህ በስልክ ሰምቻለሁ።»

ሽማግሌው ከመስገጃቸው ቀና ብለው አዩዋት።

«ላኢላሃ ኢለላህ። እኔ ደግሞ ልጄን ተቀይሜ…» አልጨረሱትም። ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ፤ ሲገልጡት ሌላ ሰው መስለው ነበር። «ለማን ነው ሊገዛ የሄደው?»

«ለ…»

«ስሚኝ ልጄ። አሁን ሄጄ አለቆቹ ፊት እቆማለሁ። አንዲት ቃል ውሸት ካገኙብኝ ሌላውንም አያምኑኝም፣ ልጄም በዚያው ይቀራል። ስለዚህ እውነቱን ንገሪኝ። ለማን?»

ያዘጋጀችው ውሸት ምላሷ ላይ ነበር። ሒክማን አየቻት። ቅድም አዳራሹ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጣ ‹እኔ ምን አውቄ› ብላ የዋሸቻትን ሒክማን።

«ለአምሀ» አለች። «ሐዋሳ አልሄደም። ቤት ነው ያለው።»

ጋሽ ሀቢቡ ተነስተው የራምዚን የልደት ምስክር ወረቀት ከሣጥን አወጡ፣ ቆባቸውን አደረጉ። በአጠገቧ ሲያልፉ እጃቸውን ለአፍታ ራሷ ላይ ጣል አደረጉ፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ አላወቀችም። እዚያ ደርሰው ስለ አምሀ ይናገሩ አይናገሩ እንደሆነም አላወቀችም። ሳትጠይቃቸው ወጡ።

«ቅድም ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ሒክማ፣ በሩ ሲዘጋ።

«ፈራሁ።»

ሒክማ ፊቷን አዞረች። ግን ውጪልኝ አላለቻትም።

ስልኳ ጠራ። እናቷ ናት።

«የት ነሽ አንቺ? መሽቶ የለ እንዴ!»

«ሒክማ ቤት ነኝ፣ እማዬ» አለች ማዕዶት። «ነግሬያቸዋለሁ።»

«ስለ አምሀም?» አለች እናቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አዎ። ጋሽ ሀቢቡ እስኪመለሱ እዚሁ ልጠብቅ። ከዚያ መጥቼ ለአምሀ ራሴ እነግረዋለሁ። አንቺ እንዳትነግሪው።»

ስልኩን ዘጋችና ሒክማ አጠገብ፣ ትንሽ ራቅ ብላ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።