ከሞተ በኋላ የተሰማው ፒያኖ

ፒያኒስቱ ግንባሩን በተዘጋው የፒያኖ ክዳን ላይ አስደግፎ፣ አንድ እጁን ወደ ወለሉ ጥሎ ነበር የተገኘው። ላየው ሰው ሸለብ ያደረገው ይመስላል። ኮቱ በሩ አጠገብ ካለው መስቀያ ላይ ተንጠልጥሏል።

መርማሪዋ ስትደርስ ሐኪሙ ሥራውን ጨርሶ ጓንቱን እያወለቀ ነበር።

«ልቡ ነው» አላት። «የቆየ ሕመም ነበረበት። ምላሱ ሥር የሚያደርገው ኪኒን ኮቱ ኪስ ውስጥ አለ፤ ግን አልወሰደም።»

«ታዲያ እኔን ምን ያስጠራኛል?»

«ሰዓቱ አልገጥም አለኝ። ሰውየው የሞተው አራት ሰዓት ገደማ ነው። ማረፊያ ክፍል ያሉት ሦስቱ ሰዎች ግን ለአምስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ፒያኖ ሲጫወት ሰምተነዋል ይላሉ። ሦስቱም!»

«ቆይ» አለች መርማሪዋ። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «ወይዘሮ ቆይ» የሚሏት በከንቱ አልነበረም፤ ይህች ቃል ከአፏ ከወጣች ጥያቄ ይከተላታል። «ክዳኑን ማን ዘጋው?»

«ስንደርስም እንደዚሁ ነበር። ማንም አልነካውም።»

ጎንበስ ብላ የሟቹን ፊት አየች። ሲጫወት ልቡ የቆመበት ሰው ቁልፎቹ ላይ ይደፋል እንጂ ክዳን ዘግቶ፣ ተደላድሎ አይሞትም። አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ ክዳኑን ከፍታ ቁልፎቹን ከዳር እስከ ዳር አንድ በአንድ ነካቻቸው። ሁሉም ጥርት ያለ ድምፅ ሰጧት።

ስቱዲዮው ሦስት ክፍል ነበረው፤ የመጫወቻው፣ ኮምፒውተሩ ያለበት የመቅረጫው እና ማረፊያው። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ከመጫወቻው ክፍል ኮሽታ እንኳን አይወጣም። ማረፊያ ክፍል የተቀመጠ ሰው ሙዚቃ የሚሰማው ከመቅረጫው ክፍል በሽቦ በተሳበች ትንሽ ስፒከር በኩል ነው።

በመጀመሪያ ያነጋገረችው ድራመሩን ነበር፤ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ዓይኑ ደም መስሏል።

«ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የመጀመሪያ አልበማችን ነበር» አላት። «ሦስታችን ተበትነን ቆይተን ገና መሰብሰባችን ነው። አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ቤዝ ተጫዋቻችን ጋሽ ቤዝ ወደ ማረፊያው መጡና ‹ብቻዬን ልለማመድ፣ እስክጠራችሁ ማንም አይግባ ብሏል› አሉን። ከዚያ ወዲያ እኔም፣ የድምፅ ባለሙያዋም፣ እሳቸውም ከማረፊያው ንቅንቅ አላልንም።»

«ሲጫወት ስትሰማ ምን ልዩ ነገር ነበረው?»

«ምንም። ያቺ የመሀል ቁልፍ ብቻ እንደ ትናንቱ ትንጣጣ ነበር። ‹ይሄ የፒያኖ ቃኚ ዛሬም ቀረ ማለት ነው!› ብዬ ተናደድኩ።»

መርማሪዋ ብዕሯን አቆመች። ገና አሁን፣ በገዛ ጣቷ ነክታ የመጣችው ፒያኖ አንድም የሚንጣጣ ቁልፍ አልነበረውም።

ቀጥሎ የድምፅ ባለሙያዋ ገባች። ከሰላሳ ዓመት ብዙ የማይዘል ዕድሜ ያላት፣ ፈጠን ፈጠን ብላ የምትናገር ሴት ናት።

«ቃኚው ጠዋት መጥቷል እንዴ?»

«መጥቷል እንጂ! የተበላሸውን ክር ቀይሮ ሦስት ሰዓት ላይ ሄደ። እስኪጨርስ አጠገቡ ቆሜ ነበር።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለፒያኒስቱ ብቻ። ሌሎቹ ገና አልመጡም ነበር። ደግሞስ ሲጫወት ይሰሙት የለ ብዬ ነው።»

«አንቺስ በኋላ ስትሰሚው ቁልፏ መንጣጣቷ አልገረመሽም?»

«ስልክ እያወራሁ ነበር። ፒያኖ መሆኑን እንጂ ምን እንደሚጫወት ልብ አላልኩም።» ጥቂት አሰበችና ፊቷ ተለወጠ። «የተቀየረ ክር እንዴት ይንጣጣል?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው» አለች መርማሪዋ።

መጨረሻ ላይ ጋሽ ቤዝ መጡ። ከቁመታቸው የሚበልጠውን ቤዝ አርባ ዓመት ሙሉ አቅፈው ሲጫወቱ ትከሻቸው ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል። በቀኝ እጃቸው አውራ ጣት ላይ ቢጫ ነገር ተለጥፎ አየች።

«ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?»

«የደጋኑ ሙጫ ነው። ደጋኑን ካልቀቡት ክሩን አይዝም። ጠዋት ስቀባ ነበር።»

«ከሟቹ ጋር ብቻችሁን ነበራችሁ።»

«አዎ። የመክፈቻውን ዜማ ለሃያ ደቂቃ ያህል አብረን ተለማመድን። ከዚያ ብቻዬን ልሁን አለኝ፤ ወጣሁ።»

«ቆይ፤ ፒያኖው እንዴት ነበር?»

«እንደ ትናንቱ ነው። ያቺ የመሀል ቁልፍ ስትንጣጣ አስቸገረችን።»

መርማሪዋ ቀስ ብላ፣ «የመክፈቻው ዜማ የተሰየመው በማን ስም ነው?» አለቻቸው።

ሽማግሌው ጣቶቻቸውን ተመለከቱ። «በልጄ» አሉ። «አንድ ልጅ ነበረችኝ። ከእኛ ጋር ትዘፍን ነበር። ከሥራ ስንመለስ እኔ ዕቃውን ይዤ በሌላ መኪና ቀደምኩ፤ እሷና ፒያኒስቱ ተከተሉኝ። መኪናው ተገለበጠ፤ እሱ ተረፈ። እሷ ስትነዳ እንቅልፍ ጣላት አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በልቤ ስቆጣት ኖርኩ። ምናለ ብታርፊ፣ ምናለ መሪውን ለእሱ ብትለቂለት እያልኩ።»

መርማሪዋ ብቻዋን ወደ መቅረጫው ክፍል ሄዳ ኮምፒውተሩን መረመረች። ከዚያ የኪኒኑን ብልቃጥ ወደ መስኮቱ ይዛ ክዳኑን በብርሃን አየችው። ሥራዋን ትወዳለች፤ በዚያች ሰዓት ግን ሌላ ሰው በሠራው ኖሮ ብላ ተመኘች።

ሦስቱንም ማረፊያ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሐኪሙ በሩ ጋ ቆመ።

«አራት ሰዓት ላይ የሞተ ሰው ለአምስት ሩብ ጉዳይ አይጫወትም» ብላ ጀመረች። «የሰማችሁት የትናንቱን ቀረጻ ነው። የምትንጣጣው ቁልፍ ጠዋት ተጠግናለች፤ በስፒከሩ ግን አሁንም ተንጣጣች። ታዲያ ቀረጻውን የከፈተው ሰው መጠገኗን አያውቅም ማለት ነው። የድምፅ ባለሙያዋ ክሩ ሲቀየር አጠገቡ ቆማ ነበር፤ እሷ ብትሆን የትናንቱን አትመርጥም። ድራመሩም ቢሆን መንጣጣቷን ለሁላችሁ ጮክ ብሎ ተናገረ፤ የደበቀውን ነገር በገዛ አፉ የሚያጋልጥ ሰው የለም።»

ጋሽ ቤዝ ዓይናቸውን ከወለሉ አላነሡም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሃያ ደቂቃ አብረን ተለማመድን፣ ቁልፏ አስቸገረችን አሉኝ። ዛሬ ያንን ፒያኖ አንዴ እንኳን ሰምተው ቢሆን ጥርት ማለቷን ያውቁ ነበር። ዛሬ እዚያ ክፍል ውስጥ ማንም አልተጫወተም። ቃኚው ከሄደ በኋላ የፒያኖው ክዳን አልተከፈተም።» ወደ ድምፅ ባለሙያዋ ዞረች። «ሰዓት ሞልተው ቀረጻው በኋላ በራሱ እንዲጀምር ማድረግ ይችላሉ?»

«እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው» አለች ልጅቷ በተሰበረ ድምፅ። «ከትናንቱ ቀረጻ ጋር እየተጫወቱ ይለማመዳሉ። ከፍተው ሄደው ቤዙን እስኪያነሡ ጊዜ እንዲሰጣቸው ነበር።»

«ዛሬ አርባ ደቂቃ ሞሉት። የደጋኑ ሙጫ ኮምፒውተሩ ላይ ተለጥፏል። የኪኒኑ ብልቃጥ ክዳን ላይም አለ። ሟቹ በሕይወት ዘመኑ ደጋን ይዞ አያውቅም።»



«ፒያኖው ላይ ክርኑን አስደግፎ ነበር የነገረኝ» አሉ ጋሽ ቤዝ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «‹ዜማውን ከመቅረጻችን በፊት እውነቱን ልንገርህ፤ የምነዳው እኔ ነበርኩ› አለኝ። ያ ሁሉ ዓመት በሬሳዋ ላይ ጥፋቱን ጭኖባት! እኔም አመንኩት። በልጄ ላይ አመንኩት። ወዲያው ደረቱን ያዘና ‹ኮቴን፣ ኪኒኔን› አለ። ብልቃጡን አወጣሁ። እጄ ላይ ነበር። አልከፈትኩትም። ቆሜ አየሁት።»

«ቀረጻውስ?» አለች መርማሪዋ።

«እኔ ከወጣሁ በኋላም በሕይወት የነበረ እንዲመስል ፈለግኩ። ለእናንተ ብቻ አይደለም፤ ለእኔም።» እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ወረደ። «አንድ የምጠይቀው ነገር ቀርቶኝ ነበር። ልጄ ያኔ ፈርታ ነበር ወይ? ጮኻ ጠርታኝ ነበር ወይ? አፌን ሳልከፍት ሄደ። እኔ ነኝ የሰደድኩት።»

«ተኝታ ነበር።»

ሁሉም ወደ ድራመሩ ዞሩ። ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዟል።

«ደክሟት ጎኑ ተኝታ ነበር ጋሼ። ምንም አላወቀችም። ያኔ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነግሮኛል።»

ሽማግሌው አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ ቀስ ብለው ቀና አሉ። «አሥራ አንድ ዓመት ታውቅ ነበር?»

«ወንድሜ ነው» አለ ድራመሩ። «ምን ላድርግ ጋሼ፣ ወንድሜ ነው።»

«የእኔም ወንድም ነበር» አሉ ጋሽ ቤዝ።

መርማሪዋ አላጣደፈቻቸውም። ለመነሣት ሲሞክሩ ድራመሩ ቀድሞ ተነሥቶ በክንዳቸው ደገፋቸው። አላራቁትም። ሁለቱ እንደተደጋገፉ ወደ በሩ ሄዱ፤ እሷም ከኋላቸው ቀስ ብላ ተከተለቻቸው።