የዘጠነኛ ክፍል ምስክር

መምህር መልከጼዴቅ የሞቱት ለሰው ሊመሰክሩ በተቀጠሩበት ዕለት ንጋት ላይ ነበር። የተተኮሰው ጥቁር ሱፋቸው ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ የተወለወለው ጫማቸው ከአልጋው ሥር ተቀምጧል። እሳቸው ግን በባለመደገፊያ ወንበራቸው ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ አንገታቸውን ወደ ትከሻቸው ዘንበል አድርገው ቀርተዋል። ከእግራቸው ሥር በአመድ የተሞላ የከሰል ምድጃ አለ።

«ከሰል ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ ሳጅን ነገሳ፤ መዝገቡን ለመዝጋት የቸኮለ ይመስላል። «በየክረምቱ የምናየው ነው። የሱሉልታ ብርድ ሰውን ያሞኛል።»

ዋና ኢንስፔክተር የወይንሐረግ ወደ ወንበሩ ቀረበች። አጭርና ደልደል ያለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት፤ ባልደረቦቿ «እሷ ፊት ዝም ማለትም ቃል መስጠት ነው» ይሏታል። ጎንበስ ብላ ሟቹን ተመለከተች። የጋቢው ሁለት ጫፎች በሽማግሌው ጀርባና በወንበሩ መካከል ገብተው ተወትፈዋል። እግራቸውም እንደ ሕፃን እግር ተጠቅልሏል።

«ሳጅን፣ እስቲ ያን ወንበር ሳብና ተቀመጥ። ካፖርትህን ከራስህ ጀርባ እንዲህ አድርገህ ወትፍ።»

ነገሳ ሞከረ። «አንዱ ጎን እሺ ይላል። ሁለተኛውን ስወትፍ የመጀመሪያው ይወጣል።»

«እኔም እንደዚያ መስሎኛል» አለችና ወደ መስኮቱ ሄደች። መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። መወርወሪያው ለዓመታት ሳይነካ ዝጎ የኖረ ነው፤ ዝገቱ ግን አሁን በአንድ በኩል ተልጦ ብረቱ ያብለጨልጫል።

የግቢው ባለቤት ኦቦ ዱባለ ከበረንዳው ላይ በርጩማ ይዘው ተቀምጠው ነበር። ከሟቹ ጋር ዕድሜያቸው እኩያ ነው፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ ዱባለ?»

«ምን ደህና ማደር አለ፣ ልጄ! ዋቃዮ ጓደኛዬን ወሰደብኝ።»

«ምድጃው የማን ነው?»

«የእኔ ነው፤ ማድ ቤት የሚቀመጥ። ግቢው ሁሉ ይገለገልበታል። እሱ ግን በእጁም አይነካውም። ፉሪ ሳሉ ሚስቱ የሞተችበት በከሰል ጭስ ነው። እዚህ ከተከራየ ጀምሮ ያን መስኮት ዘግቶት አያውቅም። ‹አንተ ሰው፣ የሱሉልታን ብርድ ያለ ኪራይ አስገባህብኝ› እያልሁ አፌዝበት ነበር።» ሽማግሌው አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «ዛሬማ የጎረቤታችን የብርሃነሽ ልጅ፣ የሩሃማ ቀን ነበር። ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ሱፉን ለብሶ ያስቀናኛል ብዬ ‹ተነሥ፣ ሙሽራው!› እያልሁ በሩን ደበደብሁ። ዝም። ብርሃነሽን ጠርቼ ‹መምህሩ እንቅልፍ ጥሎታል መሰለኝ፣ አልከፍት አለኝ› አልኋት። ወዲያው ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች፤ አብረን በሩን ስንገፋው አልተቀረቀረም ነበር። ከዚያ በኋላ ጩኸቷን ሱሉልታ ሁሉ ሰማው።»

የወይንሐረግ መነጽሯን አወለቀች፤ ጠርጋም መልሳ አደረገች።

ወይዘሮ ብርሃነሽ በዚሁ ግቢ ከልጇ ጋር የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ከሰበታ መጥተው እዚህ ሲከራዩ ቤቱን ያገኙላቸው መምህር መልከጼዴቅ ነበሩ። ልጇ ሩሃማ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ወደ አንድ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት አመልክታለች። የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ የሚያኮራ ነው፤ የዘጠነኛና የአሥረኛው ግን የሌላ ልጅ ይመስላል። ትምህርት ቤቱ ውጤቱ ወጣ ገባ የሆነ አመልካች ሲያጋጥመው በሩን አይዘጋም። ወላጁና ያስተማረው መምህር ባሉበት ኮሚቴ ፊት አቅርቦ ምክንያቱን ይጠይቃል፤ መምህሩ ከመሰከረም ይቀበላል። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ቡራዩ ነው። ሰበታ ሳሉ ሩሃማን ያስተማሯት፣ በኮሚቴውም ፊት ሊመሰክሩላት የተስማሙት ሰው ደግሞ ጋቢ ተጠቅልሎላቸው ሞተዋል።

ሌላም አመልካች ነበር። የሰበታው ብሎኬት አምራች አቶ ወንዳፍራሽ በፖሊስ ተጠርቶ ልጁን ዮአብን ይዞ ሲመጣ መኪናውን ያቆመው የፖሊስን መኪና መውጫ ዘግቶ ነው።

«ትናንት ምሽት እዚህ መጥተው ‹ነገ እግርህ ከዚህ ቤት አይወጣም› ሲሉ ኦቦ ዱባለ ሰምተዋል» አለችው የወይንሐረግ።

«ብያለሁ! ተናድጄ ነው። የዮአብም መምህር እሱ ነው። ‹ልጄ የወደቀው ታይፎይድ ይዞት ነው በልልኝ› ብዬ ለመንሁት። ‹በዚህ አገር ያላጠና ልጅ ሁሉ ታይፎይድ ይይዘዋል› ብሎ ሳቀብኝ።»

«አባዬ፣ በቃ» አለ ዮአብ መሬት መሬት እያየ። «ቲቸር አልዋሽም አሉ፣ አለቀ። እኔን የጣለኝ ጌም ነው።»

«አንተ ዝም በል!»

«ክፍሉ ውስጥ ሳሉ ሙቀት ነበረ?» ስትል ጠየቀች።

«የምን ሙቀት! መስኮቱን በርግዶት ጥርሴ ሲንገጫገጭ ነው የወጣሁት። ሽማግሌው ባለቤት ደግሞ እግሬ ከመውጣቱ የአጥሩን በር ከኋላዬ ቆለፉት፤ እንደ ሌባ!»

«ለሩሃማስ ምን ሊመሰክሩ እንደ ነበር ነግረውዎታል?»

አቶ ወንዳፍራሽ የሰማውን ነገራት። የወይንሐረግ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው፤ ከዚያም «ይህን በኋላ ሰው ሁሉ ባለበት ይደግሙልኛል» አለችው።

ብርሃነሽ ከክፍሏ ደፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፊቷ የተረጋጋ ነው፤ እጆቿ ግን የነጠላዋን ጠርዝ ይፈትላሉ።

«እራታቸውን ማን ወሰደላቸው?»

«እኔ ነኝ፤ ሁልጊዜም እኔው ነኝ። የግፊት ኪኒናቸውን ከዋጡ እዚያው ወንበሩ ላይ ያንቀላፋሉ። ሳህኑን ሳነሣ አልቀሰቅሳቸውም።»

«ያን ጊዜ መስኮቱ ተዘግቶ ነበር?»

«ልብ አላልሁም።»

«ሩሃማ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ላይ ለምን ወደቀች?»

«ታይፎይድ ይዟት ነበር።»

«ሁለት ዓመት?»

«ያገረሻል» አለች ብርሃነሽ፤ ቀና ብላም አላየቻትም።

ሩሃማ ለቃለ መጠይቁ ቅርብ እንዲሆንላት ቡራዩ አክስቷ ዘንድ ስላደረች መርዶውን የሰማችው በስልክ ነው። ወደ ግቢው ስትደርስ ለኮሚቴው የለበሰችው ነጭ ሸሚዝ በእንባ ርሷል።

«ታይፎይድ ምንሽን ያምምሽ ነበር?» አለቻት የወይንሐረግ በለሰለሰ ድምፅ።

ልጅቷ በመጀመሪያ ወደ እናቷ ደፍ ተመለከተች። «ሆዴን።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ?»

ሩሃማ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «መምህር ሊናገሩልኝ ነበር። እኔ አልችልም።»

አስከሬኑ ለምርመራ ወደ ሆስፒታል ከተወሰደ በኋላ የወይንሐረግ ሁሉንም ወደ ሟቹ ክፍል አስገባቻቸው። በባዶው ወንበር ላይ ለመቀመጥ የደፈረ ስላልነበረ ሁሉም ቆሙ። መስኮቱን ራሷ ከፈተችው፤ ነፋሱ ሲገባ አቶ ወንዳፍራሽ ኮቱን ቆለፈ።

«መምህር መልከጼዴቅ በዚህ ነፋስ ውስጥ ለዓመታት ኖረዋል» ስትል ጀመረች። «ሚስታቸውን ከሰል የገደለባቸው ሰው በገዛ እጃቸው ከሰል አስገብተው መስኮት አይዘጉም። መወርወሪያው የተላጠው በቅርቡ ነው። ስለዚህ ይህን ያደረገው ሌላ ሰው ነው፤ ያደረገውም ኪኒናቸውን ውጠው ካንቀላፉ በኋላ ነው።»

«ታዲያ እኔን ለምን ታቆሚኛለሽ?» አለ አቶ ወንዳፍራሽ።

«ነፃ ላወጣዎት ነዋ። እርስዎ ሲወጡ መስኮቱ ክፍት ነበር። ወንጀለኛ ቢሆኑ ኖሮ ይህን በገዛ አፍዎ ባልነገሩኝ ነበር። የአጥሩም በር ከኋላዎ ተቆልፏል። ሩሃማ ቡራዩ ነበረች፤ አክስቷን በስልክ አናግሬአለሁ። ከሟቹ በቀር በግቢው ያደሩት ሁለት ሰዎች ናቸው።»

ኦቦ ዱባለ በድንጋጤ ደረታቸውን ያዙ።

«ኦቦ ዱባለ፣ እርስዎ ቢሆኑ ‹ከሰል አይነካም፣ መስኮት አይዘጋም› ብለው ባልነገሩኝ፤ ነገሩ በአደጋ ስም በተቀበረ ነበር። ይልቅስ ጠዋት ያሉኝን ይድገሙልኝ። ወይዘሮ ብርሃነሽን ሲጠሯት ምን አሏት?»

«‹እንቅልፍ ጥሎታል መሰለኝ› አልኋት።»

«‹ሞቷል› አላሏትም?»

«እኔስ መች አወቅሁና!»

«እሷ ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች።»

ነገሳ ብቻ ቀስ ብሎ «ዋ!» ሲል ተሰማ።

«የቸኮለች ሴት ነጠላዋን ጣል አድርጋ ትወጣለች። ለማዘቅዘቅ ጥለቱን ፈልጎ ወደ ላይ መገልበጥ ያሻል፤ ያን ደግሞ ማንም ሴት ያለ ሐዘን አታደርገውም። ወይዘሮ ብርሃነሽ፣ የበሩ መንኳኳት ሲጀምር እርስዎ ሐዘን ተቀምጠዋል። ጋቢውንም የወተፉላቸው እርስዎ ነዎት፤ ጠላት የሟችን እግር አይጠቀልልም።»

«እማዬ?» አለች ሩሃማ።

ብርሃነሽ ወደ ባዶው ወንበር እያየች ተናገረች፤ ድምፅዋ የደረቀ ነበር። «ሊነጋ ሲል ምድጃውን ላወጣ ገባሁ። ቀዝቅዘው ነበር። ብርድ እንዳይመታቸው... ምን እንዳደረግሁ አላውቅም፤ ጋቢውን አለበስኋቸው። እንዲያማቸው ብቻ ነበር የፈለግሁት። ራሳቸውን ይዟቸው ዛሬን ከቤት እንዲውሉልኝ።»

«መስኮቱን ሲዘጉትስ?»

ብርሃነሽ ፊቷን ከመስኮቱ አዞረች።

«እውነቱን እናገራለሁ አሉኝ» ስትል ቀጠለች፤ «እኔ ባለሁበት፣ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ። አባቷ ከሞተ በኋላ ከአረቄ ቤት እየጎተተች ታወጣኝ እንደ ነበር፤ ልብሴን አጥባ፣ እኔን አስተኝታ፣ በማግስቱ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥላት እንደ ነበር። ከዚያ ወዲህ እኮ ጠብታ አልቀመስሁም! እዚህ የሴቶች ዕድር ሰብሳቢ ነኝ። ታይፎይድ ይበሉ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ‹አይዞሽ፣ ልጅቷን የሚያወጣት እውነቱ ነው› አሉኝ። የሰካራም ልጅ ማን ይቀበላል? ማን?»

«አቶ ወንዳፍራሽ» አለች የወይንሐረግ፣ «አሁን ይድገሙት።»

አቶ ወንዳፍራሽ ጉሮሮውን ጠረገ። መናገር የሚወድ ሰው ነበር፤ ይህን ግን በግድ ተናገረው። «‹ያንተ ልጅ የወደቀው ተመችቶት ነው፤ ይህች ልጅ የወደቀችው ሰው ተሸክማ ነው› አለኝ። ‹ተሸክማም እናቷን አቆመች፤ ራሷም ተነሣች። ይህን ስነግራቸው እንኳን ሊመልሷት ቆመው ይቀበሏታል› አለ። ደግሞም... ‹እናቷን ከጎኗ የማስቀምጣት እንድታፍር አይደለም፤ ልጅቷ ምን እንደ ሠራች ቁጭ ብላ እንድታይ ነው› አለ።»

ብርሃነሽ በግድግዳው ላይ ተንሸራትታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሩሃማ ወደ እሷ አልሄደችም፤ ከእሷም አልራቀችም።

«ከአረቄ ቤት ያወጣሁሽ እኔ ብቻ አልነበርሁም፣ እማዬ» አለች በመጨረሻ። «በአንድ ብብትሽ እኔ፣ በሌላው እሳቸው ነበሩ።»

ከሰዓት በኋላ የወይንሐረግ ልጅቷን በራሷ መኪና ቡራዩ አደረሰቻት። ደንቡ አያዝዛትም፤ ሩሃማም «ልሂድ» ከማለት በቀር በመንገዱ ሁሉ ቃል አልተናገረችም። ኢንስፔክተሯ ከአዳራሹ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከኮሚቴው ፊት ለፊት ሦስት ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ሩሃማ በመካከለኛው ላይ ተቀመጠች።

«ወላጅሽስ?» አለች ሰብሳቢዋ።

«አልተመቻትም።»

«መምህርሽ?»

«አረፉ።»

የኮሚቴው አባላት ተያዩ። «ነፍስ ይማር» አለች ሰብሳቢዋ በቅን ልብ። «እንግዲያው ከራስሽ እንስማ። የኋላ ውጤትሽ ድንቅ ነው። ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ላይ ምን ሆነሽ ነበር? ንገሪን፤ ለመስማት ነው የተቀመጥነው።»

ሩሃማ በስተቀኝና በስተግራዋ ያሉትን ባዶ ወንበሮች አየች። የወይንሐረግ በሥራ ዘመኗ ስንቱን አፍ አስከፍታለች፤ ያን ጊዜ ግን ብድግ ብላ ለመናገር ከንፈሯ ተንቀሳቅሶ ቀረ። ቃሉ የእሷ አልነበረም።

«ታይፎይድ ይዞኝ ነበር» አለች ሩሃማ።

ሰብሳቢዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ያን ቃል ከእሷ በፊት ከገቡት አመልካቾች ሁሉ ስትሰማው ቆይታለች። «ሁለት ዓመት?»

«ያገረሻል።»

«እናመሰግናለን። የሚቀጥለው ይግባ።»

በኮሪደሩ ላይ ዮአብ ከአባቱ ጎን ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ሩሃማ በአጠገቡ ስታልፍ አንገቱን ደፋ። የወይንሐረግ እስከ መኪናው ድረስ ታገሠች።

«እውነቱን ብትነግሪያቸው ይቀበሉሽ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሰው የሞተበትን ምስጢር፣ እትዬ፣ እኔ መግቢያ ላድርገው?»

አመሻሹ ላይ የወይንሐረግ ወደ ጣቢያው ተመለሰች። ብርሃነሽ ገና የእግሯን ኮቴ ስትሰማ ከማረፊያ ክፍሉ አግዳሚ ላይ ተነሣች፤ ጠዋት ያዘቀዘቀችውን ነጠላ አቃንታ ለብሳለች።

«ጠየቋት? ምን አለች?»

«ታይፎይድ አለች።»

ብርሃነሽ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ በዝግታ ዘረጋችው፣ ጥለቱን ፈልጋ ወደ ላይ ገለበጠችና አዘቅዝቃ ለበሰች።